ስለ አስጎብኚዋ ስለ ሲግሩን፦ በበረዶ ግግሩ ላይ የሆነው

የምስክር ቃል

የምስክሯ ሙሉ ስም፦ ወ/ሮ ፀሐይነሽ ቀለመወርቅ
ዕድሜ፦ 66 ዓመት
ሥራ፦ ጡረታ የወጣች ነርስ
አድራሻ፦ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና፣ ከኦሊምፒክ ወደ ደቡብ፣ አፓርታማ ቁጥር 4
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ.፣ ከጠዋቱ 10፡20
ቃሉን የተቀበለው፦ መርማሪ ክርስቲያን ተስፋ
ጉዳዩ፦ ሴፕቴምበር 9 ቀን 2025 በደቡብ አይስላንድ በበረዶ ግግር ላይ ስለደረሰው አደጋ፤ የአይስላንድ ፖሊስ ባቀረበው የትብብር ጥያቄ መሠረት

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው እኔ ምስክር፣ እንግሊዝኛ የምችል ብሆንም አንዲት ቃል እንኳ እንዳትዛነፍብኝ ስለፈለግሁ ቃሌን በአማርኛ ለመስጠት ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። ሰዓቶቹን በሙሉ የምናገረው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ያየሁትን ከሰማሁት፣ የሰማሁትን ከገመትኩት ለይቼ እንድናገር መርማሪው አስረድቶኛል።

ባለቤቴ አቶ ግርማቸው ወልደሰንበት ይባላል። ዕድሜው 72 ነው። በ1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦሎጂ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ተማሪው ለዘመቻ ሲበተን ትምህርቱ በዚያው ቀረ። ሎስ አንጀለስ ከገባን ጀምሮ ሠላሳ አንድ ዓመት በመኪና ጥገና ሠርቶ፣ የራሱን ጋራዥ ከፍቶ፣ የዛሬ ሦስት ዓመት ሸጦ ነው ያረፈው። ይሁን እንጂ ድንጋይን አልተወም። በሀይዌይ ስንሄድ መንገዱ ሲቆረጥ የተገለጠ ገደል ካየ ዳር ይዞ ይቆማል። ልጃችን ቤተል ትንሽ ሳለች፣ በዚህ ምክንያት ትምህርት ቤት አርፍዳ ደርሳ ታውቃለች። ከሁሉ በላይ ማየት የሚመኘው ከእሳተ ገሞራ በላይ የተኛ በረዶ ነበር። በተማሪነቱ በመጽሐፍ አይቶት ኖሯል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ባልድዊን ሂልስ ዳገቱን አብረን የምንወጣ አምስት ሰዎች አለን። እነሱም እኔና ባለቤቴ፣ በቤት ሽያጭ ሥራ የተሰማራው አቶ ራጉኤልና ባለቤቱ ወ/ሮ ሰብሊ፣ እንዲሁም ኖርዝ ሆሊውድ ፋርማሲስት የሆነው አቶ ፊሊሞን ናቸው። የዚህ ዓመት ፀደይ ላይ ፊሊሞን በአይስላንድ በትንሽ ቡድን የሚደረግ የሰባት ቀን ጉብኝት አገኘና ነገረን። ባለቤቴ ያን ቀን ከዳገቱ ሲወርድ እያፏጨ ነበር።

አሁን የምናገረው ሳልጠየቅ በራሴ ፈቃድ ነው። ጁላይ 2024 ባለቤቴ የልብ ሕመም ገጥሞት አንድ የተዘጋ የደም ሥሩ ውስጥ ስቴንት የሚባል፣ ሥሩን ክፍት የሚያደርግ ቀጭን ቱቦ ገብቶለታል። ሐኪሙ እንዲራመድ ፈቅዶለት፣ ከባድ ጉዞ ከማሰቡ በፊት ግን መጥቶ እንዲመረመር ነግሮት ነበር። አልሄድንም። ጉብኝቱን ያዘጋጀው ድርጅት በኢሜይል የላከውን የጤና ፎርም የሞላሁት እኔ ነኝ። «ባለፉት ሁለት ዓመታት የልብ ሕክምና ተደርጎልዎታል?» ለሚለው ጥያቄ «የለም» የሚለውን ምልክት ያደረግሁት በገዛ እጄ ነው። ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጦ «የለም በይ፣ ፀሐይ፣ አደራሽን» ብሎኛል። ሃያ ስድስት ዓመት ፓሳዴና ሆስፒታል ውስጥ የሠራሁ ነርስ ነኝ። ምን እየጻፍኩ እንደሆነ አሳምሬ አውቅ ነበር።

ሴፕቴምበር 5 ቀን አይስላንድ ገባን። የተቀበለችን አስጎብኚ ሲግሩን ትባላለች። ዕድሜዋ 29 እንደሆነ ነግራናለች፤ ከልጃችን በሁለት ዓመት ታንሳለች ማለት ነው። መኪናውን የምትነዳውም፣ የምታስጎበኘውም እሷው ነበረች። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት የወረሰው የረጋ ላቫ፣ እንፋሎት የሚተፋ መሬት፣ አሸዋው እንደ ከሰል የጠቆረ የባሕር ዳርቻ አሳየችን። አንድም ጊዜ ሳትቆጥረን መኪና አስነስታ አታውቅም። ሰብሊ ከፍታ ትፈራ ስለነበር በየገደሉ አጠገብ እጇን ይዛ ነበር የምታሻግራት። ቀለል ያለ ጠባይ ቢኖራትም የደኅንነት ነገር ሲነሳ ፊቷ ይለወጥ ነበር።

ሴፕቴምበር 9 ቀን ከጠዋቱ 9፡15 ገደማ በረዶው ሥር ካለው የመኪና ማቆሚያ ደረስን። በረዶው የተኛው ካትላ ከሚባለው እሳተ ገሞራ ላይ ነው። ሲግሩን ሄልሜትና ገመድ የሚያያዝበትን መታጠቂያ አስታጠቀችን፤ ጫማችን ሥር የሚታሰረውንም የብረት ጥርስ ራሷ እየተንበረከከች አጠበቀችልን። ከዚያ አንድ በአንድ ዐይን ዐይናችንን እያየች ስለ ጤናችን ጠየቀችን። ባለቤቴን «ልብ ላይ ምንም ችግር የለም?» አለችው። «የለም» አላት። ወደ እኔ ዞራ «አንቺ ነርስ ነሽ። ምን ትያለሽ?» አለችኝ። እኔም «ከሁላችንም እሱ ይበረታል» ብዬ መለስኩላት። ስለዚህ አንድ ጊዜ በጽሑፍ፣ አንድ ጊዜ በቃል፣ በጠቅላላው ሁለት ጊዜ ዋሽቻታለሁ።

10፡00 ሰዓት ላይ በረዶው ላይ ወጣን። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። በረዶው ነጭ ብቻ አይደለም፤ ሰማያዊ አለው፣ እንደ ቁስል ጠባሳ የተዘረጋ ጥቁር መስመርም አለው። 11፡00 ሰዓት አካባቢ ከአንድ እንዲህ ያለ ጥቁር መስመር አጠገብ ስንደርስ ሲግሩን ማስረዳት ጀመረች። ባለቤቴ ጓንቱን አውልቆ እጁን መስመሩ ላይ አሳረፈና «ይኼ አመድ ነው። እሳቱ ሲፈነዳ የወረደ አመድ ነው፣ በረዶው በላዩ ተኝቶበት ነው» አለ። እንባው ይወርድ ነበር። ሲግሩን ንግግሯን አቋርጣ «ፕሮፌሰር፣ አንተ ቀጥል» አለችውና እኛ መሀል ገብታ እንደ ተማሪ ቆመች። ባለቤቴ በአማርኛም በእንግሊዝኛም እየቀላቀለ ለሃያ ደቂቃ ያህል አስተማረን። ጋራዥ ውስጥ ዘይት የነካውን እጁን ለሠላሳ ዓመት አይቻለሁ፤ እንዲህ አድርጎ ሲያስተምር ግን አይቼው አላውቅም ነበር። በሲግሩን ላይ ለፖሊስ በቀረበው አቤቱታ ውስጥ «አስጎብኚዋ በረዶው ላይ ያለ ምክንያት አቆየችን» የሚል እንዳለ መርማሪው ነግሮኛል። የቆየነው በባለቤቴ ምክንያት ነው። ሁላችንም አጨብጭበንለታል፤ አቶ ራጉኤልም አጨብጭቧል።

11፡40 ላይ ጉም ወረደ። አወራረዱ ድንገተኛ ነበር። ሲግሩን ወዲያውኑ «እንመለሳለን» አለች። ጥቂት እንደሄድን ባለቤቴ ቆመና በቀኝ እጁ ደረቱን ያዘ። ፊቱ ላይ የወጣውን ላብ ሳይ ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ሲግሩንም አይታዋለች። «ስቴንት አለው፣ ስለ ፎርሙ ዋሽቼሻለሁ» አልኳት። ጮኼ ነበር የተናገርኩት። እሷ ግን አንድም የወቀሳ ቃል ሳይወጣት፣ «እሺ፣ አሁን አወቅን» ብላ ከቦርሳዋ አስፕሪን አውጥታ እንዲያኝከው ሰጠችው። በሬዲዮ ተነጋገረች። ሄሊኮፕተር በጉሙ ምክንያት ሊያርፍ እንደማይችል፣ የነፍስ አድን ቡድን በመኪና እየመጣ እንደሆነ፣ በሽተኛው ከበረዶው ጫፍ ቢደርስላቸው ጊዜ እንደሚተርፍ ተነገራት። ሬዲዮው ላይ በእንግሊዝኛ ሲነጋገሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

በዚህ ጊዜ ሰብሊ በረዶው ላይ ተቀመጠች። ከፊታችን ጠዋት ያለፍንበት፣ ግራና ቀኙ ስንጥቅ የሆነ ጠባብ የበረዶ ድልድይ ነበር። በጉም ውስጥ ደግማ እንደማታልፈው ተናገረች። ሲግሩን ለሁለት ደቂቃ ያህል ልታስነሳት ሞከረች፤ አልሆነም። ከዚያ ያደረገችውን ቅደም ተከተሉን ጠብቄ እናገራለሁ። ሁለት የብረት ብሎኖች በረዶው ውስጥ አጠበቀች። ሰብሊንና ራጉኤልን በገመድ ከብሎኖቹ ጋር አሰረቻቸው። ብርድ ልብስ አለበሰቻቸው፣ ፊሽካና ትኩስ ሻይ ያለበት ፔርሙዝ ሰጠቻቸው። ቀጥላም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እንዲህ አለች፦ «ከዚህ አትነሱ። ገመዱን በምንም ምክንያት አትፍቱ። አንድ ሰዓት ሊፈጅብኝ ይችላል። እኔ ራሴ እመለሳለሁ።» መስማታቸውን ለማረጋገጥ ራጉኤልን እንዲደግምላት ጠየቀችው። ደገመላት። ከዚያም «ኦኬ፣ ኦኬ፣ ሂጂ! ጋሼ ግርማቸውን አድርሽ!» ብሎ በእጁ ወደ ፊት አሳያት። ይህን በሁለት ክንድ ርቀት ላይ ቆሜ አይቻለሁ፣ ሰምቻለሁ። ሰዓቱ 12፡05 ነበር።

ባለቤቴን ከቦርሳዋ ባወጣችው መጎተቻ ሸራ ጠቅልለን እሷና ፊሊሞን ከፊት ሲጎትቱ እኔ ከኋላ ገመድ ይዤ ሄድን። ሸራው ድልድዩ ላይ አያልፍም ነበር። ሲግሩን ባለቤቴን አዝላ ተሻገረች። ባለቤቴ ሰማንያ ሦስት ኪሎ ይመዝናል። እሷ ቀጭን ናት። መሀል ላይ ስትደርስ እግሯ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ባለቤቴ በጆሮዋ የሆነ ነገር ሲነግራት አየሁ። በኋላ ስጠይቀው «ጣይኝ አልኳት፤ እሷ ግን ዝም በል፣ ፕሮፌሰር አለችኝ» ብሎኛል።

12፡40 ገደማ የበረዶው ጫፍ፣ ጥቁሩ ጠጠር ላይ ስንደርስ ባለቤቴ ዐይኑ ተገለበጠ፤ ትንፋሹም ቆመ። አንገቱን ዳሰስኩ፤ የልብ ምት አልነበረም። ልቡ በቆመ ሰው ደረት ላይ ስንት ጊዜ እንደተጫንኩ አላውቅም፤ ቁጥሩን ትቼዋለሁ። በባለቤቴ ደረት ላይ ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ። ተንበርክኬ ቀረሁ። ሲግሩን ገፍትራኝ ገባችና መጫን ጀመረች። «ቁጠሪልኝ! አንቺ ታውቂያለሽ፣ ቁጠሪልኝ!» አለችኝ። መቁጠር የጀመርኩት በአማርኛ ነበር፤ እንግሊዝኛው ከአፌ ጠፋ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ እስከ ሠላሳ እቆጥራለሁ፤ እሷም ቋንቋውን ሳታውቅ በድምፄ እየተመራች ትጫናለች። ሦስተኛው ዙር ላይ እጄ ተመለሰልኝና ተቀበልኳት። ፊሊሞን ትንፋሽ ይሰጥ ነበር። የነፍስ አድን ቡድኑ 12፡52 ላይ የልብ ማስነሻ ማሽን ይዞ ሲደርስ ሁለት ጊዜ በኤሌክትሪክ መቱት። በሁለተኛው ልቡ ተመለሰ። አሳለው፣ ቀጥሎም በአማርኛ «ብርድ ነው» አለ። እኔ መሬት ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

ቀና ስል ሲግሩን አልነበረችም። ፊሊሞን እንደነገረኝ የባለቤቴ ልብ መመለሱን ባየች ቅጽበት ከቡድኑ ሁለት ሰዎች አስከትላ ውሃ እንኳ ሳትጠጣ ወደ በረዶው ተመልሳለች። እነ ራጉኤል ጋ 1፡20 ላይ እንደደረሰች ሰምቻለሁ። አንድ ሰዓት ብላ አንድ ሰዓት ከሩብ ቆይታለች። ይህን አልሸፍንም።

በዚያ መሀል ሰብሊ ወድቃ የግራ እጇ አንጓ ተሰብሯል። ስብራቱን ሆስፒታል ውስጥ አይቼዋለሁ። እንዴት እንደወደቀች አላየሁም። ሰብሊ ራሷ ሴፕቴምበር 12 ቀን፣ ባለቤቴ ከተኛበት ክፍል ውጭ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጠን የነገረችኝን ብቻ እናገራለሁ። ራጉኤል ስልኩ ኔትወርክ እንዲያገኝ ብሎ ገመዱን ፈትቶ ጥቂት እርምጃ ሄደ፤ ተንሸራተተ፤ እሷ ልትይዘው ገመዷን ስትፈታ ወደቀች። «እትዬ፣ በእርስዎ ፊት እንጂ በሌላ ሰው ፊት አልናገረውም፤ ባሌ ነው» ብላኝ ነበር።

አቶ ራጉኤል ለአይስላንድ ፖሊስ ያቀረበው አቤቱታ፣ አስጎብኚዋ ምንም ሳትነግራቸው በጉም ውስጥ ጥላቸው እንደጠፋች የሚል መሆኑን፣ በዚህም ምክንያት ሲግሩን ከሥራ ታግዳ ክስ ሊመሠረትባት እንደሚችል ከሁለት ሳምንት በፊት ነው የሰማሁት። ኦክቶበር 3 ቀን ከሰዓት በኋላ ራጉኤል ቤታችን መጣ። ባለቤቴ ተኝቶ ነበር። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ «እትዬ ፀሐይነሽ፣ እርስዎ ያን ሰዓት ጭንቅ ላይ ስለነበሩ ምንም አልሰማሁም ቢሉ ማንም አይፈርድብዎትም። ሶ፣ እንደዛ ቢሉ ይበቃል» አለኝ። «ሰምቻለሁ እኮ፣ ልጄ» አልኩት። «እሷ ፈረንጅ ናት፤ ሌላ ሥራ ታገኛለች። እኛ ግን ነገም ፌርፋክስ ላይ እንገናኛለን» አለኝ። እኔም «ፎርሙን የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ ራጉኤል። እሷ ላይ ከተፈረደ የተፈረደው በእኔ ፈንታ ነው» አልኩት። ይህን አያውቅም ነበር። ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ «ገመዱን መፍታት አልነበረብኝም» አለ። ሲወጣ በሩን በቀስታ ነው የዘጋው።

አቶ ራጉኤል ክፉ ሰው አይደለም። ባለቤቴ ስቴንት የገባለት ሰሞን ለሦስት ሳምንት ምግብ እየያዘ ይመጣ የነበረው እሱ ነው። ሚስቱ በእሱ ስህተት መጎዳቷን መሸከም እንዳቃተው ይገባኛል፤ እኔም የእኔን ለመሸከም አምስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ትናንት ማታ ሰብሊ ስልክ ደውላ «እትዬ፣ ነገ ያዩትን ይናገሩ። የእኔን እኔ እናገራለሁ፤ ሐሙስ ቀጠሮ ይዣለሁ። ራጉም አብሮኝ ይመጣል» ብላኛለች።

«አስጎብኚዋ ሌላ ምን ማድረግ ትችል ነበር?» ተብዬ ተጠይቄ፣ አላውቅም ብዬ መልሻለሁ። እዚያው ቆማ ሰው ብትጠብቅ ኖሮ የባለቤቴ ልብ ጉሙ መሀል፣ ማሽኑ ከማይደርስበት ቦታ ይቆም ነበር። ሰብሊን በግድ ብታስነሳት ኖሮ ድልድዩ ላይ ምን ይሆን እንደነበር መገመት አልፈልግም። ዕውነቱን ጠዋት ብነግራት ኖሮ ግን ባለቤቴን በረዶው ላይ አታወጣውም ነበር። ይህንን አውቃለሁ፤ በጠየቀችን ጊዜ ዐይኗን አይቻለሁና።

«በዚህ ቃል ምክንያት በእርስዎ ላይ ጥያቄ ሊነሳ እንደሚችል ያውቃሉ?» ተብዬ ተጠይቄ፣ አውቃለሁ ብዬ መልሻለሁ።

አንድ ነገር እንዲጨመርልኝ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። ሴፕቴምበር 13 ቀን ሲግሩን ሆስፒታል መጥታ ነበር። ያን ቀን ከሥራ መታገዷን ታውቅ ነበር፤ ለእኛ ግን ትንፍሽ አላለችም። ይቅርታ ልጠይቃት ስነሳ ትከሻዬን ይዛ መልሳ አስቀመጠችኝ። ባለቤቴ በደከመ ድምፅ «ያቺ ሁለተኛዋ ጥቁር መስመር፣ ወደ ላይ ያለችው፣ የየትኛው ፍንዳታ አመድ ናት?» ብሎ ጠየቃት። ወንበር ሳብ አድርጋ ተቀምጣ አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳችው። በወረቀት ላይ ሣለችለት። በትዳር በቆየንባቸው ሠላሳ ስምንት ዓመታት የባለቤቴን ጥያቄ እንደዚያ በትዕግሥት የመለሰለት ሰው አላየሁም፤ እኔንም ጨምሮ። እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጣት። ይህ የሚጻፍ ቃል ካልሆነ መርማሪው ሊሰርዘው ይችላል ብዬ ነበር፤ አልሰረዘውም።

ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ በፈቃዴ የሰጠሁት ይህ ቃል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነቦልኝ አዳምጫለሁ። በራሴ ላይ የተናገርኩትም፣ ለሌላው የመሰከርኩትም እውነት ነው፤ የትም ብጠየቅ አልለውጠውም። ሲነበብልኝ አንድ ስህተት አግኝቻለሁ። በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ስለ ሲግሩን «ሁለቱን ጎብኚዎች ጥላ ሄደች» ተብሎ ተጽፎ ነበር። መርማሪው በሕጉ ቋንቋ እንዲያ እንደሚባል አስረድቶኛል። እኔ ግን እንዲህ አላልኩም። «ሄዳ ተመለሰች» ተብሎ እንዲታረም ጠይቄ፣ ታርሞልኝ፣ በእርማቱ አጠገብ ፈርሜያለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ፀሐይነሽ ቀለመወርቅ
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ክርስቲያን ተስፋ
ቃሉ ያበቃበት ሰዓት፦ 12፡35